ዘምቢልና መደርደሪያ

ዝናብ አንድ ደግነት አለው፤ የተጠፋፋ ሰው ያገናኛል። አንድ ጠዋት የመንገዱ ሰው ሁሉ ኮቱን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ሲሮጥ፣ አንድ ሽማግሌ የፕሮግራም ባለሙያ ከጫማ መሸጫ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለሉ። መነጽራቸውን ውሃ ስለሸፈነው አጠገባቸው የቆመችውን ወጣት አላዩዋትም። እሷ ግን አየቻቸው።

«ጋሼ! አላወቁኝም?»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠራረጉና ትኩር ብለው አዩዋት። ላፕቶፕ ሹራቧ ውስጥ ከትታ እንደ ሕፃን አቅፋለች። አስተቃቀፏን ሲያዩ ነው ያወቋት።

«ቀለሜ! የአጥር ጎረቤቴ! አንቺ ልጅ እንዲህ አድገሻል እንዴ?»

በልጅነቷ መጽሐፍ ከእጇ ስለማይለይ የሰፈሩ ልጆች «ቀለሜ» ይሏት ነበር። እሳቸው ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተራቸውን በአጥር ላይ አቀብለዋት ነበር፤ ኪቦርዱ ላይ ጥቂት ፊደሎች የወላለቁበትን። ቤተሰቧ ሰፈር ከቀየረ ወዲህ አልተያዩም።

«ያ ኮምፒውተር እንዴት ሆነ?» አሉ ጉንጯን እየሳሙ።

«ጥርሱ ረግፎም አስተምሮኛል፣ ጋሼ። ይኸው ዛሬ ሥራ ልጀምር ነው። መድኃኒት መጋዘኑ ቀጥሮኛል።»

«የቱ መጋዘን? የእኔ መጋዘን?»

«የእርስዎ። ጡረታ ሲወጡ ፕሮግራሙን ተረከቢ ብለውኛል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ተረካቢ ሰው እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል፤ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቁም ነበር። ልጁን የሚድር ሰው አማቹን በመንገድ ላይ ሲያገኘው እንደሚሆነው፣ ደስታና ቅሬታ አንድ ላይ መጣባቸው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እኒህን ሰው በመጋዘኑ «ጋሼ ዘምቢል» ነው የሚሏቸው። ስሙን ያወጣው ዕቃ ተረካቢው ነው። ያ ሰው ምላሱ አያርፍም። አንድ ቀን «ይህ ፕሮግራምዎ እንዴት ነው የሚሠራው?» ቢላቸው፣ «እንደ ዘምቢል ነው፤ የመጣውን ሁሉ ይይዛል፣ አይመርጥም» ብለው በኩራት መለሱለት። ከዚያ ወዲያ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም የደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

ዝናቡ ሲያባራ ሁለቱም ኩሬውን እየዘለሉ ወደ መጋዘኑ አቀኑ።

«ኮዱን አንብበሽዋል?» አሉ ጋሼ ዘምቢል።

«መጋዘኑ ልኮልኝ ሳነበው ከረምኩ።»

«እህስ?»

«በጣም ንጹሕ ነው። አንዷ መስመር ከሌላዋ ጋር ስትነጋገር ይሰማል…»

«'ግን' በዪ እንጂ! 'ግን' ጉሮሮሽ ላይ ቆሞ እያየሁት?»

ሳቀች። «ግን፣ ጋሼ፣ ሁሉም ነገር በዘምቢል ነው የሚመጣው።»

«ዘምቢልን ምን አገኘው?»

ይህን ሙያ ለማታውቁት እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። ነገሩ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ሲገቡበት ቀላል ነው። ዳታቤዝ የሚባል የመረጃ ጎተራ አለ። ፕሮግራሙ ጎተራውን ይጠይቀዋል፤ «የማቀዝቀዣዎቹን ሁሉ የአሁን ሙቀት አምጣልኝ» ይለዋል። መልሱ ረድፍ በረድፍ ሆኖ ይመጣል። ይህን መልስ መቀበያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የመጣውን ሁሉ እንዳለ ዘምቢል ውስጥ መክተት ነው፤ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ ቀን ይሁን ባዶ ቦታ፣ ማንም አይጠይቅም፤ ሲፈልጉት በስሙ ጠርተው ይጎትቱታል። ባለሙያዎቹ ዳይናሚክ ይሉታል። ሁለተኛው መደርደሪያ መሥራት ነው። አስቀድሞ «እዚህ ክፍል ስም፣ እዚህ ቁጥር፣ እዚህ ሰዓት ይቀመጣል» ተብሎ ልክ ይወጣል፤ ይህን ልክ ክላስ ይሉታል። ከዚያ እያንዳንዱ ረድፍ ገና ሲገባ በልኩ ይሠራና ከመሰሎቹ ጋር ብቻ ይሰለፋል። ይህ ነው ዓይነቱ የታወቀ ዝርዝር የሚባለው።

ጋሼ ዘምቢል መደርደሪያውን አያውቁት ሆነው አልነበረም። ንቀውት ነው እንጂ።

«ስሚኝ ቀለሜ» አሉ፤ «ከሙቀቱ ጋር እርጥበትም ይለካ ብለው ሲወስኑ፣ እኔ አንዲት መስመር አልነካሁም። ዘምቢሉ ተቀበለው፣ አለቀ። እንደናንተ ቢሆን ክላሱን ክፈት፣ ክፍል ጨምር፣ ዝጋ፣ እንደገና ሞክር… ሥራ መፍጠር ነው ይሄ።»

«ልክ ነው፣ ያን ጊዜ ቀሎልዎታል።»

«ደግሞስ እንግዳ በር ሲያንኳኳ 'ምን ዓይነት ሰው ነህ?' ተብሎ ይጠየቃል? 'ግባ' ነው የሚባለው! እኔ ያደግሁት እንዲህ ነው።»

ልጅቷ መልስ ነበራት። ነገር ግን ገና የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ከፊቷ ያሉት ደግሞ ኮምፒውተር በአጥር ያቀበሏት ሰው ናቸው። ዋጥ አደረገችው።

መጋዘኑ ሲደርሱ በሩ ላይ ዕቃ ተረካቢው እጁን ዘርግቶ አገኛቸው፤ ፊቱ ላይ የወትሮው ፌዝ የለም።

«ጋሼ፣ ይግቡ ቶሎ። አለቃ ይፈልጉዎታል። አራተኛዋ ማቀዝቀዣ ሞቃለች።»

ቅዝቃዜ ክፍሉ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ ነጫጭ ማቀዝቀዣዎች ቆመው ያጉረመርማሉ። በከተማው ላሉ ክሊኒኮች የሚሄደው የሕፃናት ክትባት የሚያድረው እዚህ ነው። የየማቀዝቀዣው ሙቀት ግድግዳው ላይ ባለ ስክሪን ይታያል፤ ከወሰኑ ሲያልፍ ደወል የሚያስጮኸው የጋሼ ዘምቢል ፕሮግራም ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሥራውን ከያዙ ገና ያልከረሙ ጎልማሳ ሴት፣ በተከፈተው ማቀዝቀዣ ፊት ቆመዋል።

«ይምጡ፣ ይዩ» አሉ። «ካርቶን ላወጣ እጄን ብሰድ አልቀዘቀዘኝም። ቀና ብል ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚል ያውቃሉ? አሥር ዲግሪ! አጠገቡ ደግሞ አረንጓዴ መብራት! ከስምንት ማለፍ የሌለበት ማቀዝቀዣ አሥር ገብቶ፣ የእርስዎ ደወል ድምፁን አላሰማም።»

ጋሼ ዘምቢል ስክሪኑን አዩ። እውነት ነው። 10 ይላል፤ አጠገቡ አረንጓዴ።

«መለኪያው ይሆናል…» አሉ።

«መለኪያው እውነቱን ተናግሯል። የዋሸው ፕሮግራሙ ነው።» ኃላፊዋ ድምፃቸውን አላነሱም፤ ቢያነሱ ይሻል ነበር። «ክትባቱን ለይተን አስቀምጠናል፤ ይረባ አይረባ የመድኃኒት መርማሪ መጥቶ ይወስናል። እኔ ግን ከእርስዎ አንድ መልስ እፈልጋለሁ። ይህን ደወል ማመን እችላለሁ ወይስ አልችልም? ካልቻልኩ ነገ ይነቀላል፤ ሰው እየዞረ በዓይኑ ያያል። እርስዎን ለማሳዘን አይደለም።»

«ይገባኛል፣ አለቃ» አሉ ሽማግሌው። ያ ፕሮግራም የጎልማሳነታቸው ፍሬ ነው። ጡረታ ሲወጡ ከኋላቸው ቆሞ እንዲጠብቅ ሊተዉት ያሰቡት ዘበኛ እሱ ነው። አሁን ዘበኛው ተኝቶ ተገኘ ተባለ።

የሥራ ክፍላቸው ከአገናኝ መንገዱ ጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወንበራቸው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ፤ ቀለሜ አጠገባቸው ቆመች። የአራተኛውን ማቀዝቀዣ መረጃ ከፈቱ። ስሙ ደህና። ሙቀቱ 10። የደወሉ ወሰን 8።

ጋሼ ዘምቢል ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት።

«አገኘሁት! ዜሮ የላትም!»

«ምኗ?»

«ወሰኗ! '08' መባል ሲገባት ባዶዋን '8' ተባለች! አለቃ ናቸው ያስገቡት፤ አዲሷን ማቀዝቀዣ ሲያስመዘግቡ። ቆይ አንዴ…» ከ8 ፊት ዜሮ ጨመሩ። ወዲያው በአገናኝ መንገዱ ማዶ ደወሉ ጮኸ፤ ዕቃ ተረካቢው «ኧረ ተነሣች!» ሲል ተሰማ።

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ሳቁ። ቀለሜ ግን አልሳቀችም።

ስለዚህች ዜሮ ልንገራችሁ። የመጋዘኑ ሰው ሁሉ ከአሥር በታች ያለ ቁጥር ሲጽፍ ፊቱ ላይ ዜሮ ያስቀድማል። መደርደሪያው 03፣ ካርቶኑ 07። መለኪያዎቹም ሙቀቱን 05 ብለው ይልካሉ። ድሮ የመደርደሪያ ዝርዝር ሲታተም 1፣ 10፣ 11፣ 2 እየተባለ ተዘበራርቆ ወጣና፣ ጋሼ ዘምቢል «ዜሮ አስቀድሙ» ብለው ደንብ አወጡ። ተስተካከለ። ደንቡ ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፣ ልማዱም ቀልድ ሆነ። ዕቃ ተረካቢው «ልጄ ዘንድሮ 06 ዓመት ሞላት» ይላል። አዲስ የመጣ ሰው እየሳቀ ይለምደዋል። ኃላፊዋን ግን፣ ኃላፊ ስለሆኑ፣ ማንም ደፍሮ አላስለመዳቸውም።

«አየሽ» አሉ ጋሼ ዘምቢል፣ «ፕሮግራሙ ንጹሕ ነው። ሰው ነው የተሳሳተው። ሄደን ለአለቃ እንንገር፤ 'ዜሮ ረስተው ነው' እንበላቸው።»

«ጋሼ፣ አንዴ ይቀመጡ።»

«ምነው?»

«ችግሩ አልተፈታም፤ ተሸፈነ እንጂ። ቤቱ እያፈሰሰ ባልዲ ማስቀመጥ ነው።»

ቅንድባቸው ተነሣ። «ባልዲ? ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀ ባልዲ?»

«አዎ፤ ጎበዝ ባልዲ ነው፣ አልካድኩም። ግን ልጠይቅዎ፤ ዜሮዋ ስትጠፋ ደወሉ ለምን ዝም አለ? አሥር ከስምንት ይበልጣል ለማለት ዜሮ ምን አስፈለገው? አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚያውቀውን?»

«ጽሑፍ ስለሆነ ነዋ» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጎተራው ውስጥ ሁሉም የገባው ጽሑፍ ሆኖ ነው። ጽሑፍ ሲነጻጸር እንደ መዝገበ ቃላት ነው፤ የመጀመሪያውን ምልክት ያያል። የአሥር መጀመሪያ 1 ነው። 1 ደግሞ ከ8 ይቀድማል። ስለዚህ አሥር… ከስምንት አነሰ።»

«አነሰ። ለዘምቢሉ '10' እና '8' ሁለት ቃላት ናቸው፤ እንደ 'በግ' እና 'ዶሮ'። ሙቀት መሆናቸውን የነገረው የለም።»

«እኔ አውቃለሁ፤ እኔ እያወቅሁ የእሱ ማወቅ ምን ያደርጋል?»

«እርስዎ ያውቃሉ። ሕንጻው ሁሉ ዜሮ የሚጽፈው እርስዎ ስለሚያውቁ ነው። እርስዎ ወደ ቤትዎ ሲሄዱስ?»

ጋሼ ዘምቢል መስኮቱ ላይ የቀረችው የዝናብ ጠብታ ስትወርድ ተመለከቱ።

«እነግርሻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ለሚቀጥለው ትነግሪያለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ሙያ እንደዚህ ነው፤ ከአፍ ወደ ጆሮ ነው የሚሄደው።»

«እኔስ ብረሳ? የሚቀጥለው ሰውዬስ 'ይህቺ ዜሮ የሽማግሌ ነገር ናት' ቢልና ቢጥላት?» ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ጋሼ፣ ልጅዎ እንደወለደች እናቴ ነግራኛለች። እንኳን ማርያም ማረቻት። የልጅ ልጅዎ ክትባት ከየት ነው የሚሄደው?»

«ከዚሁ ነዋ።»

«ማንም ዜሮ አይረሳ ይሆናል ብለው፣ ሕፃኗን ለዚያ 'ይሆናል' ይሰጧታል?»

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፣ ልጆቼ። ሰው ለራሱ ሥራ ጠበቃ መቆም ይችላል፤ ለልጅ ልጁ ሲሆን ግን ዳኛ ይሆናል። ጋሼ ዘምቢል መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። እንዲያም ሆኖ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም።

«እሺ፤ ይሁን። ግን ጠዋት ያልኩሽን አልመለስሽልኝም። እንግዳን በር ላይ አቁሞ መጠየቅ፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ክላስ መጻፍ፣ እያንዳንዱን ረድፍ ማገላበጥ… ጊዜ አይፈጅም? ሥራ አይበዛም?»

«ይነሡማ፣ አብረን እንሂድ። የምመልስልዎት እኔ አይደለሁም።»

ወደ መግቢያው ወሰደቻቸው። ትልቁ በር ተከፍቶ የጭነት መኪና ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ዕቃ ተረካቢው ከረጅም ጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ካርቶን እየከፈተ፣ ፊት ለፊት ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ የማብቂያ ቀኑን በጣቱ እየነካ ያሳልፋል። ክኒኑ በስተቀኝ፣ መርፌው በስተግራ፣ ቅዝቃዜ የሚሻው ወዲያው ወደ ውስጥ።

«ወንድሜ» አለችው ቀለሜ፣ «ለምን ዝም ብለህ ሁሉንም ወደ ውስጥ አታስገባም? የፈለገው ሰው በኋላ ፈልጎ ያገኘው የለ?»

ዕቃ ተረካቢው ቀና ብሎ፣ እንደ አበደ ሰው አያት። «ይቺ ልጅ አዲስ ናት መሰለኝ። እመቤቴ፣ አሁን እዚህ ብጠይቀው አንዴ ነው የምጠይቀው። ሳልጠይቀው ካስገባሁት፣ እያንዳንዱ ነርስ በየክሊኒኩ፣ በሽተኛ ፊት ቆማ ልትጠይቀው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? ጋሼ ያስተማሩኝ ነው እንዲያውም፤ 'እንግዳን ግባ በለው፣ መድኃኒትን ግን በር ላይ መርምረው' ያሉኝ እሳቸው ናቸው።»

ጋሼ ዘምቢል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብያለሁ?»

«ብለዋል እንጂ! ሥራ የጀመርኩ ሰሞን። 05 ጊዜ ነው ያሉኝ።»

ሳቁ ከሆዳቸው መጣ። ቀለሜም ሳቀች፤ ዕቃ ተረካቢው ምን እንዳሳቃቸው ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ሽማግሌው እጃቸውን ከኋላ አጣምረው ሄዱ።

«ለመድኃኒቱ ያወጣሁትን ሕግ ለመረጃው ነፈግሁት» አሉ በሩ ላይ ሲደርሱ። «ነይ፤ መደርደሪያሽን አሳዪኝ። ግን እኔ ነኝ የምጽፈው፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ታርሚኛለሽ።»

ክላሱን «ንባብ» ብለው ሰየሙት። ውስጡ ጥቂት ክፍል ብቻ፤ የማቀዝቀዣው ስም፣ እሱ ጽሑፍ ነው፤ ሙቀቱ፣ እርጥበቱና ወሰኑ፣ እነሱ ቁጥር ናቸው፤ የተለካበት ሰዓት፣ እሱ ሰዓት ነው። ከዚያ ከጎተራው የሚመጣው እያንዳንዱ ረድፍ በአንዲት በር ብቻ እንዲያልፍ አደረጉ። በሩ ላይ ሙቀቱ ከጽሑፍነት ወደ ቁጥርነት ይለወጣል፤ ረድፉ አንድ «ንባብ» ይሆናል፤ «ንባቦቹ» ሁሉ አንድ ዝርዝር ውስጥ ይሰለፋሉ። ወደዚያ ዝርዝር «ንባብ» ያልሆነ ነገር መግባት አይችልም። '08' ቢመጣ ስምንት ነው፤ '8' ቢመጣም ስምንት ነው።

ሽማግሌው ሲጽፉ ጣታቸው ስቶ «ሙቀት» የሚለውን «ሙቅት» ብለው አስገቡት። ከቃሉ ሥር ቀይ መስመር ወጣ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?»

«'ንባብ' ውስጥ 'ሙቅት' የሚባል ክፍል የለም እያለዎት ነው።»

«ገና ሳላስነሣው?»

«ገና ሳያስነሡት። በዘምቢሉ ቢሆን ምን ይል ነበር?»

«ምንም። ባዶ ይሰጠኝና ዝም ይላል። እኔም ቀኑን ሙሉ ጸጉሬን ስነጭ እውላለሁ።» ቀዩን መስመር በፍቅር አዩት። «ይሄ ነገር እንደ ሚስቴ ነው፤ ከአፌ ሳይወጣ ያርመኛል!»

በዚህ ሁኔታ ጽፈው ጨረሱና አስነሡት። ፕሮግራሙ ቀጥ ብሎ ቆመ። አንድም ንባብ አላሳየም። «ሁለተኛው ማቀዝቀዣ፤ ሙቀቱ ቁጥር አይደለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ።

ቀለሜ ደንገጥ አለች። ጎተራውን ቢያዩ፣ በሁለተኛው ማቀዝቀዣ ሙቀት ቦታ ላይ አንዲት ሰረዝ (-) ብቻ አለች። ጋሼ ዘምቢል ተነሥተው ወደ ቅዝቃዜ ክፍሉ ሮጡ፤ ሽማግሌ ሲሮጥ ያየው ሁሉ መንገድ ለቀቀ። የሁለተኛው መለኪያ ባትሪ ሞቷል። መለኪያው መናገር ሲያቅተው በቦታው ሰረዝ ይመዘገባል፤ ሰረዝ ደግሞ በመዝገበ ቃላት ሥርዓት ከቁጥር ሁሉ ስለምትቀድም፣ አሮጌው ፕሮግራም «ከስምንት በታች ነው» ብሎ አረንጓዴ ሲያበራላት ከርሟል። ደግነቱ በእጅ መለኪያ ቢለኩት ውስጡ በልኩ ቀዝቅዟል።

ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸዋል። ልጅቷን ያመሰግኗታል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላመሰገኗትም፤ ተቆጧት።

«አንድ ካርቶን ተበላሽቶ ቢያገኝ፣ ተረካቢው በሩን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል?»

«ማለት…»

«በአንዲት ሰረዝ ምክንያት ደህናዎቹን ማቀዝቀዣዎች ሁሉ ከለከልሽኝ! በዚያች ሰዓት ሌላው ቢሞቅስ? ማን ይነግረኛል?»

ቀለሜ ይህን አላሰበችውም ነበር።

«ታዲያ እንዝለላት?» አለች።

«መዝለልማ ዘምቢል ያደረገውን መድገም ነው! ተረካቢው የተበላሸውን ምን ያደርገዋል? ለይቶ ቀይ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ምክንያቱን ይጽፍበታል፤ ለአለቃ ይጮሃል። ደህናው ያልፋል። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። የማይነበብ መለኪያ ከሞቀ ማቀዝቀዣ እኩል ደወል ይገባዋል።»

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ጻፊ። አሁን የአንቺ ተራ ነው፤ እኔ አርማለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ኃላፊዋ ወደ ቅዝቃዜ ክፍሉ ተጠሩ። ጋሼ ዘምቢል የዜሮዋን ነገር ከሥሩ ነገሯቸው። «እርስዎ ያስገቡት 8 ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው 8ን 8 መሆኑን ያላወቀው ፕሮግራሜ ነው» አሉ። ጠዋት ሊሉት ያሰቡትን አላሉም። ከዚያ ከትርፍ መለኪያዎቹ አንዱን እንደ ሙከራ አስመዘገቡት፤ ወሰኑንም ኃላፊዋ ራሳቸው እንዲያስገቡት ኪቦርዱን ሰጧቸው። ኃላፊዋ ጥቂት አመነቱ።

«ዜሮ ላስቀድም?»

«እንዳሻዎ።»

8 ብለው አስገቡ። ጋሼ ዘምቢል መለኪያውን በበረዶ ውሃ ካቀዘቀዙ በኋላ አውጥተው በጡጫቸው ጨበጡት። ሁሉም ስክሪኑን ያያል። ስድስት። ሰባት። የሽማግሌው እጅ ሲሞቀው ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ። ስምንት ላይ ቆየ። ዘጠኝ ሲል ደወሉ ጮኸ፤ አሥር ሲልም መጮኹን አላቋረጠም። ዕቃ ተረካቢው ጆሮውን ይዞ ከበሩ ብቅ አለ።

«ኧረ ጋሼ፣ ይልቀቁት! ገባን!»

አለቀቁትም። ጥቂት ይዘው ቆዩ፤ ዓይናቸው ላይ የሆነ ነገር አብረቀረቀ። ቀለሜ ባታይ ይሻላል ብላ ፊቷን አዞረች።

«ባትሪውን ያውጡት እስኪ» አሉ ኃላፊዋ። አወጡት። ደወሉ ሌላ ድምፅ አሰማ፤ ስክሪኑ ላይም ቀይ ሆኖ «አይነበብም፤ ሰው ይመልከተው» የሚል ወጣ፤ የሌሎቹ ማቀዝቀዣዎች ቁጥር ግን በቦታው ነበረ።

ኃላፊዋ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «አይነቀልም» አሉ። «ግን ሌሎቹንም ዘምቢሎች ሁሉ እንዲህ አድርጉልኝ።»

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዚህ ነገር ምን እንደሚገኝ ያያችሁ ይመስለኛል፤ ግን ሽማግሌ ነኝና ልድገመው። መረጃን በር ላይ አንዴ የጠየቀ ሰው፣ ውስጥ ገብቶ ሺህ ጊዜ አይጠይቅም። ስሕተት ሩቅ ሄዶ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ከሚገለጥ፣ ገና በደጅ፣ ገና ቀይ መስመር ሆኖ ቢያፍር ይሻላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ደግሞም ሰው የሚያስታውሰው ደንብ ሰውየው ሲሄድ ይሄዳል፤ በሥራው ውስጥ የተሠራ ደንብ ግን ይቀራል። የጋሼ ዘምቢል እውቀት በዜሮ ተንጠልጥሎ ነበር፤ አሁን መደርደሪያ ሆነ። ዘምቢልን ግን አትናቁት። የሚመጣው ነገር ምን እንደሆነ ገና በማይታወቅበት ቦታ እሱም ሥራ አለው፤ ቢሆንም ወደ ቤት ሲገባ ይዘርገፍ፣ ሁሉም በየቦታው ይደርደር። ለወጣቶችም አንድ ነገር አለኝ፤ በር መሥራት ብቻ አይበቃም፤ በሩ የመለሰው የት እንደሚቀመጥ ከአዋቂ ጠይቁ።

በወሩ መጨረሻ ጋሼ ዘምቢል የመጨረሻ ቀናቸውን ሊውሉ መጡ። በመግቢያው ሲያልፉ፣ ዕቃ ተረካቢው ካርቶን ላይ በወፍራም ቀለም 7 ብሎ ሲጽፍ ደረሱበት። ብቻዋን፣ ያለ ዜሮ። እሱም አያቸው፤ እንደተያዘ ልጅ ብዕሩን አየር ላይ አቆመው።

ሽማግሌው ቁጥሯን ዝቅ ብለው አዩ። ፈገግ አሉ።

«ልጅህ ስንት ዓመት ሆናት አልከኝ?»

«ስድስት፣ ጋሼ።»

«ታድግልህ» አሉትና አለፉ።